ቁጥር አርባ አንድ

ሻግዋ በሚሉት ሰፈር፣ ከሻሪ ወንዝ ዳር፣
ከውሻ አንገት አሰርን፣ ቆጣሪ ነገር።
የክብሪት ቤት ታህላለች፣ መብራትም የላት፣
ሁለት ውሾች ሲጠጉ፣ ትጽፋለች ሰዓት።
ይላሱ፣ ይናከሱ፣ ለይታ አታውቅም፤
መቅረብን ነው የምትጽፍ፣ ምክንያት አትጠይቅም።
(በሽታውም እንዲሁ ነው። ምራቅ ካገኘማ፣
ፍቅር ነው፣ ጠብ ነው ብሎ፣ መች ሊያቅማማ?)

ሥራ ተከፋፍለናል፦ ዴኔማጂ ከጥላ፣
መስመር ታሰምራለች፤ እኔ ከውሻ ኋላ።
ሱሪዬ ሁለት ቦታ፣ ተቀዷል፤ ግድ የለም፣
እኔ ተከትቤያለሁ፤ ሰፈሩ ግን አይደለም።

አምና በዚሁ ጎዳና፣ ከወፍጮ ቤት ማዶ፣
አንዲት ልጅ ውሃ ፈራች፣ ጉሮሮዋ ነዶ።
ሻሪ በደጇ ሲያልፍ፣ ሞልቶ ከዳር እዳር፣
ብርጭቆ ባየች ቁጥር፣ ገላዋ ሲሸበር።
አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው።
መረብ እየጠገነ፣ ቀና ሳይል ወደ እኔ፣
«ሰባ ከመቶ ይበቃል» ስለው፣ መጽሐፉን አምኜ፣
«የትኛው ሠላሳ ነው፣ የሚቀረው?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝ።

በስድስተኛው ቀን፣ ካርታው ተዘረጋ፤
ነጥብ ሁሉ ውሻ ነው፤ መስመር፣ ሲጠጋጋ።
የነጋዴው ጄኔራል፣ በሰንሰለት ያለ፣
ሰፈር የሚፈራው፣ ጩኸቱ ያየለ፣
ከካርታው ጥግ ብቻውን፣ አንድም መስመር የለው፤
ያ ሁሉ ጩኸት ለካ፣ «ማን አለ?» ማለቱ ነው።

አርባ አንድ ቁጥር ግን፣ መሐል ላይ ተኮፍሶ፣
መስመር ከየአቅጣጫው፣ ወደ እሱ ፈስሶ፣
ከከብት ገበያው በር፣ ከቆሻሻው ክምር፣
ከሥጋ ጠባሹ ደጅ፣ እስከ ድልድዩ ሥር፣
ውሻ የተባለን ሁሉ፣ ሲጠይቅ ይውላል፤
ሲተኛም በዙሪያው፣ ሰባት ውሻ ያድራል።
ዴኔማጂ እጇን ከአፏ፣ ላይ አድርጋ ቆየች፤
«ይሄኛው ያበደ ቀን…» ብላ ዝም አለች።
ድር ቢያብር አንበሳ፣ ያስራል ነው የሚባለው፤
ይሄ ድር ያበረ ለት፣ ሕፃን ነው የሚጥለው።

ማታውኑ ወጣን።
ባትሪ፣ መረብ፣ ጓንት፣ በፌስታል ሥጋ ይዘን።
አገኘነው ውሻውን፣ ቡላ፣ ጆሮ ቆራጣ፤
አንገቱ ባዶ ሆኖ። ማሰሪያው የት ወጣ?
ሥጋ ጠባሹ ሳቀ፣ ማራገቢያውን ጣለ፤
«አርባ አንዳችሁ ያውና፣ ከድልድዩ ሥር» አለ።

ከድልድዩ ሥር ጂሜት፣ ዕድሜው ዘጠኝ ቢሆን፣
ከውሾች መሐል ተኝቶ፣ አገኘነው ልጁን።
አንገቱ ላይ እንደ ሀብል፣ የኛን ዕቃ አድርጎ፤
«ውሻው አልወደደውም፣» አለ በእጁ ሸሽጎ።
ዴኔማጂ ልትቆጣ፣ አፏን ከፈተችና፣
ክንዱን አየች፦ ጭረት፣ ጠባሳ፣ ያልደረቀ ቁስል ገና።
ሲነጋ ከጤና ጣቢያ፣ ክንዱን ለመርፌ ሰጠ፤
«ለእነሱስ?» ብሎ ወዲያው፣ ወደ ደጅ አፈጠጠ።

ከዚያ ወዲያ መረቡን፣ ጠቅልለን አኖርነው፤
እሱ ከፊት ያፏጫል፣ እኛ እንከተለው።
ከቱቦ አፍ፣ ከአጥር ሥር፣ ከአሮጌ መኪና ሆድ፣
አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ በዚያች ጠባብ መንገድ።
ለእኔ ጥርስ ያሳዩ፣ ሱሪዬን የቀደዱ፣
ራሳቸውን ጭኑ ላይ፣ ጥለው ፈቀዱ።

የክትባት ካርድ ላይ፣ «ባለቤት» የሚል አለ፤
የጎዳና ውሻ ሲሆን፣ ባዶውን የዋለ።
አሁን አሥራ ዘጠኝ ካርድ ላይ፣ በእርሳስ፣ በትልልቁ፣
ጂሜት፣ ጂሜት፣ ጂሜት፤
በአንዱ ላይ ፊደሉ ተገልብጦ፣
በሌላው ላይ በላብ ርሶ።

ዓሣ አጥማጁ ሲያልፍ አየን።
«ስንት ቀረ?» አለን።
ጥቂት። የት እንደሚያድሩ፣ ጂሜት ያውቃል አልን።

ለሪፖርቱ ዴኔማጂ፣ ካርታውን ስታጠራ፣
«ስህተት» ተብሎ አርባ አንድ፣ ለመሰረዝ ተጠራ።
ጣቷ ከቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ።
ውጭ ፉጨት ተሰማ፤
ከፉጨቱም ኋላ፣ የብዙ እግር ኮቴ።
ቁልፉን ሳትነካ ክዳኑን ዘጋችው።