የቅርጫት ተቀናሽ

ከሃተን በላይ ነው፣ ከሻዩ ተራራ፣
ጉሙ ሳይገለጥ፣ ፀሐይ ሳታበራ፣
ቴቫናይ ቅርጫቷን ከግንባሯ አንግባ
ከቀጣፊዎች ጋር ከመስመር ስትገባ
በመስኮት አያለሁ። እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ፤
ወንበሬ ይሽከረከራል፤ የዓመቱ ሪፖርት ነው የሚጠብቀኝ።

ሥራዬ ቁጥር ነው። «ቁጥር አይዋሽም» ይባላል፤
እውነት ነው፣ እሱ አይዋሽም፤ የሚዋሽለት ሰው ይቀጥራል።

አምና አሮጌው ሚዛን ከቦታው ተነቅሎ፣
ባለ መስታወቱ፣ አዲሱ፣ ተተክሎ፣
ጥብጣብ ሲቆረጥ፣ ኬክ ሲታደል በሳህን፣
ሥራ አስኪያጁ ዊክራማ «ዘመን ደረሰልን!» ሲለን፣
ሴቶቹ አጨበጨቡ ከልባቸው፤
በድሮው ሚዛን ላይ የመዛኙ አውራ ጣት ነበራ ጠላታቸው።
አዲሱን ጣት አይነካውም፤ መርፌም የለው የሚወላውል።
ብቻ ከሆዱ ውስጥ አንድ መስመር አለ፣ ማንም ያላየው ውል፦
«የቅርጫት ተቀናሽ፣ ሁለት ኪሎ።»
ይመዝናል፤ ይቀንሳል፤ ፊቱ ሳይቀላ፣ ተደላድሎ።
ጧት አንዴ፣ ማታ አንዴ ይመዘናል ቅጠሉ፤
ሁለትና ሁለት አራት ነው፣ ሕፃናትም ይላሉ።

ሪፖርቱ ደግሞ ማማር አለበት፣
ወረቀቱ ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያንጸባርቅ እንደ መስተዋት፤
«ማኅበራዊ ኃላፊነት» ይላል ገጽ አሥራ አራት።
ከኮሎምቦ ፎቶ አንሺ አስመጣን
ለሠራተኛ ልጆች ወዳሠራነው ትምህርት ቤት፤
ቴቫናይን አቆሟት ከቢጫው ግድግዳ፣
ሳሪዋን አስተካክለው፣ እንደ ሰርግ እንግዳ፤
«ሳቂ» ሲላት ሳቀች፤ ግን ወዲያው እጆቿን
ደበቀች፣ ጭማቂ ያጠቆራቸውን ጣቶቿን።
ከፎቶው ሥር እኔው ጻፍኩ፦ «አንድ ቤተሰብ ነን።»
በየትኛው ቤት ነው እናት ገብታ የምትመዘን?

አንድ ማታ ዝናብ ጣለ፣ መብራቱም ሄደ፤
ሻማ ለኩሼ ስደምር፣ ሰሙ ከደብተሬ ወረደ።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሴት፣ በአራት ሳባዛ፣
ከዚያም በሥራ ቀን፣ በኪሎ ዋጋ፣ ድምሩ እየበዛ፣
ደረስኩበት። ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ የት ነበር?
ገጽ አሥራ አራት ላይ! የትምህርት ቤቱ ወጪ፣ ከነምስማሩ፣ ከነማገር።
እንዲያውም ትንሽ ተርፎታል፤
ለኬኩ ይበቃል።

እነሱ ናቸው ያሠሩት፣ ቅጠል በቅጠል፣ ሳይነገራቸው።
እኛ ዶሯቸውን ሰርቀን፣ አርደን፣ ክንፏን ሰጠናቸው፤
እጅ ነሱልን። ፎቶ አነሳናቸው።

ሲነጋ ሚዛን ቤት ሄድኩ። ባዶ ቅርጫት ሰቀልኩ፣
ዝናብ የጠጣ። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅኩ።
ስድስት መቶ ግራም ነው፣ ከነውኃው፣ ከነጭቃው፤
ከመስታወቱ ላይ ግን ከዜሮ በታች ነበር የወጣው፦
አንድ ነጥብ አራት፣ ከፊቱ ጭረት።
ጭረት!
ባዶ እጇን የመጣች ሴት እንኳ
የእኛ ዕዳ አለባት።

ዊክራማ ሰማኝ። አልተቆጣም፤ ሻይ አስቀዳልኝ።
«ሁሉም እስቴት ይቀንሳል፤ ገበያ ነው» አለኝ።
«ያንተስ ልጅ ካንዲ የሚማረው በምን ነው?
ጠጣ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል፤ የኛው ቅጠል ነው።»
ጠጣሁ። ጀግና አይደለሁም። ጥሩ ሻይ ነው፣ ጣፈጠኝ።
ያ ነው ያሳፈረኝ።

ዛሬ ማታ ሪፖርቱ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።
ገጽ ሦስት ላይ፣ በሠንጠረዡ፣ «የቀጣፊዎች ብዛት» ይላል።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር የሞላሁት፤
ሰረዝኩት።
ቢሮ ውስጥ ያለነውን በጣቴ ቆጠርኩ፣ ራሴን አስቀድሜ፦
«ሰባት» ብዬ ጻፍኩ፣ በሙሉ ስሜ ፈርሜ።
ምናልባት የፊደል ስሕተት መስሏቸው
ያርሙት ይሆናል፤ ቀይ ብዕር አይጠፋቸው።