ወደቡ ከኒሙ ሥር

ባሌ ሉልሰገድ፣ የምድር ባቡር ሰው፣
ውሃ ሲባል ደቻቱን ነበር የሚያውቀው፤
አሥር ወር ሙሉ ፍየል የሚሻገረው።

ጅቡቲ ሲያዛውሩን፣ ወበቁን ለምደናል፣
ድሬ ያደገ ሰው በሙቀት ምን ይላል?
ባሕሩ ነበረ ያስቸገረን እንግዳ፣
ሲመሽ የሚጠጋ፣ ሲነጋ የሚከዳ።

ከዓሣ አጥማጁ ሁመድ ገዛ አሮጌ ጀልባ፣
ስንጥቋን በሬንጅ ደፍኖ ሰማያዊ ቀባ።
ዓርብ ዓርብ ወጣን፤ ሳምቡሳ በጣሳ፣
ሻይ በፔርሙስ ይዘን፤ አይደለም ለዓሣ፣
አይደለም ለጭነት፤ እንዲያው ለመንሳፈፍ፣
ሥራ ያለውን መርከብ እያዩ ለማለፍ።
በመጀመሪያው ቀን አስመለሰኝና
በማርያም ማልኩኝ ላልወጣ እንደገና፤
በሦስተኛው ዓርብ መቅዘፊያ ነጥቄ፣
እጄ ውሃ ቋጥሮ፣ እስከ ማታ ስቄ።

ጡረታ ሲወጣ ሰው ፍሪጅ ጫነ፤
እሱ ጀልባ ጭኖ የከዚራ ወሬ ሆነ።
«ወደቧስ የት ነው?» ትላለች ኢክራም ባጥር፤
ወደቧ እዚያው ነው፣ ከኒም ዛፉ ሥር።
የሰፈር ልጆች ግን ትኬት ሳይቆርጡ
ታጁራ ይሄዳሉ፣ ለራት ሊመጡ።

ነሐሴ ሌሊት ላይ ደቻቱ ሲያጓራ፣
ባትሪ አብርቶ ይወጣል፣ ገመዷን ሊያጣራ፤
«ይኼ ውሃ» ይላል፣ «ጨዋታ አያውቅም፤
የወሰደውን ሰው ለራት አይመልስም።»

ጣውላዋ ላይ ዛሬም የባሕሩ ጨው አለ።
የኢክራም ፍየል ታውቃለች፤ ሲነጋ ትመጣለች፣
ዐይኗን ጨፈን አድርጋ የጀልባዋን ጎን ትልሳለች።
ሰፈሩ ሲስቅብን፣
እሷ ብቻ አመነችን።