በቅሎና አጎቷ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ አለፍ ሲሉ ከጎሚስታው፣
አንዲት ሰማያዊ ኮንቴነር፤ ዱጋሳ ነው ጌታው።
ከጣሪያዋ ሁለት ብስክሌት በሽቦ ተንጠልጥለዋል፤
ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ ሁለቱም ፊቴን ለምደዋል።

ዕቁቡ ደርሶኝ ነው። ብሩን በመሐረብ ቋጥሬ፣
እንደታቀፈች ዶሮ፣ ከብብቴ ሥር አሙቄው እዞራለሁ እስከ ዛሬ።

አንዱ ኮርሳ ነው፤ ቀይ፣ ወገቡ ሸንቃጣ፣
መሪው እንደ ሙክት ቀንድ የተጠቀለለ፣
ጎማው ሁለት ጣት የማይሞላ፣
ተሰቅሎ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል፣ ሲነኩት የሚቆጣ።

ሌላው ግራጫ ነው። መሪው ቀጥ ያለ እንደ መጥረጊያ እንጨት፣
ጎማው ደልደል፣ ኮርቻው ሰፋ፣ ከኋላው የዕቃ መጫኛ ብረት።
«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኩት።
«ሃይብሪድ» አለኝ፣ ቃሉን ባፉ እየጨመቀ፣
«ግማሹ ኮርሳ፣ ግማሹ የተራራ፤ እ… በቅሎ በይው በቃ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ብስክሌት በሰዓት ይከራይ ነበር፤
ወንድሜ ምትኩ ይነዳል፤
የኔ ሥራ ከኋላ መግፋት፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሮጦ መንገር።
በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ሚዛን መጠበቅ የተማርኩት፣
እሑድ ጠዋት፣ ባልተመረቀው አስፋልት ላይ፣ ጉልበቴን ሁለቴ የላጥኩት።

ታዲያ እንዳትሳሳቱ፤ ልቤ ከቀዩ ጋር ነው ያደረ።
ዱጋሳ «ሞክሪው» አለኝ። አወረደ፣ ነፋ፣ ኮርቻውን ለቁመቴ አሳጠረ።

አቤት! አንዴ ስረግጠው ሦስቴ ተወነጨፈ፤
የሲሚንቶ መኪና እያጓራ መጣ፣ ነፋሱ ገፍቶኝ አለፈ፤
እኔ አጎንብሼ፣ አገጬ መሪው ላይ፣ ዓይኔ ነጩ መስመር ላይ፣
ካርድ ክፍል ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስም የምትጠራ ሴት መሆኔን ረስቼ
ወደ ገላን ስበር፣ ያለ ክንፍ፣ ያለ ሰማይ።

ስመለስ ግን ወደ ሰፈሬ ታጠፍኩ፤ አስፋልቱ አለቀ።

ያልቃላ። የኛ ሰፈር መንገድ እንደ ደመወዝ ነው፣ መሀል ላይ ያልቃል።
ኮብልስቶኑ ተቀበለኝ፤ ጥርሴ ከጥርሴ ይማታል፣ መሪው በእጄ ይወራጫል፤
ሦስተኛው ብሎክ ጋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተሸጠ፤
ወርጄ ተሸከምኩት፣ ያን ፈረስ፤ ነጭ ጫማዬ በጭቃ ተለወጠ።
ከአራተኛ ፎቅ ሽታዬ ልብስ እያሰጣች
«ምነው? አንቺን ይሸከማል ስንል አንቺ ተሸከምሽው?» አለችኝ፤
ያቺ ሴት፣ እግዜር ይስጣት፣ የሦስት ቅዳሜ ሐሳቤን ባንድ አፍ ጨረሰችልኝ።

ተመልሼ ከኮንቴነሩ ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።
ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው ስድስት ኪሎ ሜትር፤
አራቱ አስፋልት፣ ሁለቱ እንደ ነገሩ፤
ክረምት ሲገባ ሁለቱ ሦስት ይሆናሉ፤ ጭቃ አይለካም በሜትሩ።
ጎመን አለ፣ አምስት ሊትር ዘይት አለ፣ የልጄ ደብተር አለ፤
ይሄን ሁሉ ለኮርሳ ብታሸክሙት፣ ባላባት ውሃ ቅዳ እንደተባለ።

ዱጋሳ አልገፋፋኝም። ካቴና እየቀባ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣
«እኔ ብሆን መንገዴን እጠይቃለሁ» አለ፤
«ልብማ ይመኛል እንጂ መቼ ጎማ ይለጥፋል?»

መሐረቡን ፈታሁ። ቆጠርኩ። በቅሎዋን ገዛሁ።
ቀዩን ግን፣ አልዋሽም፣ እስክወጣ ሁለቴ ዞሬ አየሁ።

ይኸው ሐምሌ ነው። ግራጫዋ ጭቃውን ታቦካለች፣ ድንጋዩን ትውጣለች፤
በላስቲክ የተጠቀለለ ጎመን ጭና
የታክሲውን ሰልፍ፣ ከነዣንጥላው፣ ቀስ ብላ ታልፈዋለች።
ፈጣን አይደለችም። ዳገት ላይ እንደኔው ታለከልካለች።
እሑድ እሑድ የኮርሳ ጎረምሶች በቀጭን ጎማቸው እያፏጩ
«አይዞሽ እናት!» ብለውኝ ያልፋሉ።
እናት! አርባ እንኳ ሳልደፍን።

ግን ከሰፈሬ ወጣ እንዳልኩ፣ አስፋልቱ ሲጀምር፣ አንዲት ቁልቁለት አለች፤
እዚያ ፍሬኑን እለቃለሁ፣
አጎነብሳለሁ፣ ጆሮዬ ነፋስ ይሞላል፣
ጎመኑ ከኋላዬ ይንኮሻኮሻል።
በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት ስለ አህያው አላነሳችም አሉ።
እኔም እዚያች ቁልቁለት ላይ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣
የምመልሰው ያንኑ ነው፦
ፈረስ አጎቴ ነው።