ግንባር

ሌሊት፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል አለፈ፤
መስኮት ደበደበ፣ ጣራውን ገረፈ፣
የዳቦ ቤቱን በር ደወል አርገፈገፈ፤
ከዚያ ጸጥ።
የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሥራ ለቀቀ፣
የሰሜን ምዕራቡ፣ ግባ ሳይሉት ዘለቀ፤
ግፊት መለኪያው ላይ መርፌው ተንጠራራ፣
አባቴ ቢያይ ኖሮ፣ «ብራ!» ባለ፣ «ብራ!»

አባቴ አላየም። ዐሥር ቀን ተኩሶታል።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣
ጓሮ የተከለውን ብርጭቆ ተመልክቶ፣
ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ዘነበ ቆጥሮ፣
ከደመናው ጋራ ጥቂት ተነጋግሮ፣
ዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ከሰሌዳው ቆሞ፣
የሪበን አየር ጻፈ፣ ከነገው ቀድሞ።

አሁን ግን ጠመኔው ለኔ ደረሰኝ።
እኔን ደግሞ ደመና መቼ አወቀኝ?
ባለፈው ቅዳሜ «ደረቅ ነው» ብዬ ጽፌ፣
የሶልቫይ የሠርግ ድንኳን ዋኘ።
ሙሽራዋ እንኳ ስታየኝ ሳቀች፤
እናቷ አልሳቀችም።

እና የዚያን ሌሊት፣ ቀዝቃዛው ግንባር ከተማውን ሲያልፍ፣
እጄ ሌላ ግንባር ላይ ነበረ፣ ፍም የመሰለ።
መስኮቱ ሲረጋ፣ እሱም ከእጄ ሥር ቀዘቀዘ፤
የኔም ደም አብሮት ደነዘዘ።
ግንባር ሲቀዘቅዝ ፍቺው ሁለት ነው፤
ጆሮዬን ደረቱ ላይ እስክጥል፣
የትኛው ነው? የትኛው ነው?

ላብ ነበረ። ላብ! ትራሱን ያራሰ፣
ከአንገቱ ተነሥቶ ደረቱ የደረሰ።
ዐይኑን ገለጠ። ውኃ አልጠየቀ፣ ስሜን አልጠራ፤
«ነፋሱ ከየት ነው?» አለ፣ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ።
«ከሰሜን ምዕራብ።»
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊያ!»

ዛሬ፦ ካፊያና ፀሐይ፣ ወረፋ ይዘው፣ ሲገፋፉ ይውላሉ፤
ጃንጥላ የያዙ ይጸጸታሉ፣ ያልያዙም ይጸጸታሉ።
አየሩ ታጥቧል፤ ካቴድራሉ ማማ ላይ የወጣ ሰው
ባሕሩን ያየዋል፣ እጁን ሰዶ እንደሚዳስሰው።

ነገ፦ ብራ። ልብስ ይሰጣ፤
መቆንጠጫው ሁለት ሁለት ይሁን፣
ነፋሱ ገና ሌባ ነው፣ ሸሚዝ ይዞ እንዳይወጣ።

ሐሙስ ሌሊት፦ ነፋሱ ይተኛል፣ ደመናው ይገፈፋል፤
ምድር ያለ ብርድ ልብስ፣ ኮከብ ስትቆጥር ታድራለች፣
ሲነጋም አመዳይ ለብሳ ትገኛለች።
ቶርኪል ሆይ፣ ፖምህን ልቀም፤ አምና ነግሬህ ነበር።
(«ይኼንንም ጻፊ» አለ፤ ጻፍሁት፣ ከነ«ሆይ»ው ጭምር።)

ወንዙ፦ ይቀንሳል። ወደቡ ዳር፣
የጥንት ጎርፍ ልክ የተቀረጸበት ምሰሶ
እግሩ እንኳ ሳይርስ አደረ።
ሽሪምፕ አጥማጁ ነገ ይወጣል፣ መረቡን አድሶ፤
በጎቹ ግድቡ ላይ ናቸው፣ ጀርባቸውን ለሰሜን ሰጥተው።

ዓርብ፦
እዚህ ላይ ዝም አለ። ግድግዳውን አየ።
«ዓርብን» አለ፣ «ዓርብ ጠይቂው።»
ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው፤ የደህና ሰው እንቅልፍ፣
ከነማንኮራፋቱ።

ሲነጋ ጻፍሁት። ኩሬው ሁሉ ሰማይ ይዞ ነበር፣
የሊንደን ቅጠል፣ ቢጫ ቢጫው፣ ተለጥፎ በኮብልስቶኑ ዳር።
ዳቦ ጋጋሪዋ ቢርጊተ ወጣች፣ ዱቄት ከእጇ እያራገፈች፤
ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አንብባ፣
«ያንቺ ነው ወይስ የሱ?» አለች።
«የሱ።»
ተነፈሰች። የልብሱን ቅርጫት ልታመጣ ገባች።

ጥቅምት አይደል? ሥጋ ቤት ጎራ አልሁ፣
አንድ አጥንት ለሾርባ ገዛሁ።
ድልድዩ ላይ ያ ነፋስ መጥቶ ግንባሬን መታው፤
እጄን አሳረፍሁበት።
ቀዝቃዛ።
ደህና ነው።