ታኮ

መሪ አልያዝኩም እኔ፤ ረዳት ነበርኩ፣
ከአሰብ እስከ ደሴ ጎማ ሥር አደርኩ።
ሐረጎን ስንወጣ፣ ጉም መንገድ ሲበላ፣
ሞተሩ አቃስቶ ጭነቱ ሲያደላ፣
ጋሽ ሙሄ በመስኮት «ታኮ!» ብሎ ሲጣራ፣
ዋንዛውን ታቅፌ፣ ዘልዬ፣ ስፈራ፣
ከኋላ ጎማው ሥር እሸጉጠው ነበር።

ታኮ መኪና አይገፋም።
መንገዱን አያውቅም።
ዳገት አያሳጥርም።
ብቻ
ወደ ኋላ አያስኬድም።

«ያንተ ሥራ ይኸው» ይለኝ ነበር ጋሼ፣
ጋቢና ስመለስ ጭቃ ተለውሼ፤
«መሪ የያዘ ሰው ኋላውን አያይም፣
ኋላውን ያየ ለት ፊቱን አይለይም።»

ዛሬ መለዋወጫ እሸጣለሁ ኮምቦልቻ፣
ከትርፌ ቆርሼ፣ ባክሲዮን ወረቀት ብቻ፣
ለልጆች እሰጣለሁ፤ ገና ላልተወጠነ፣
ደብተር ጥግ ላይ ላለ፣ ለተሸፋፈነ።

ጦይባ ሳጥን ሠራች ለሐይቅ ዓሣ፣
ፀሐይ የሚያበርደው፤
ቆሮሶው ደሴ ሲደርስ ውኃውን ሳይረሳ።
ስድስት ወር ሠራ። ሆቴሎች ደወሉ፣
አጥማጆች ከንጋት ወረፋ ዋሉ።
በሰባተኛው ወር ሐምሌ ገባ፤
ፀሐይ የለ፣ ባትሪው ነጠፈ፣
ኮምፕረሰሩ በሌሊት ነደደ፣
ቧንቧ ውኃ ሰፈር ሦስት ቀን ሙሉ
የኛን ኪሳራ ሲያሸት ከረመ።

ቁልፉን አመጣችው፣ በሻሽዋ ጫፍ ቋጥራ፣
ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከብሎኖቹ ተራ።
«በቃ» አለች።
«አብሽሪ» ልል ነበር። ወሎ ነን፤
ቃሉ ምላሳችን ላይ ነው የሚያድረው።
ግን ምን ይሠራላታል እንቅልፍ ላጣች ልጅ፣
ሦስት ሠራተኞች ቆመውባት ደጅ?
«ምሳ በልተሻል?» አልኳት።
ከዚያም «ማን ማን ሰምቷል?»
ከዚያ ደብተሯን ገለጥን።

አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ጣቴ ቆመ።
ሚያዝያ። ገበያው የሞቀ ለት፣ ትርፉ ሲለመልም፣
«ሁለተኛ ሳጥን ግዢ፤ ጊዜ አይጠብቅም»
ያልኩት እኔ ነበርኩ።
እሷማ «ክረምቱን እንየው» ብላኝ ነበር፤
በእጅ ጽሑፏ እዚያው ጠርዙ ላይ ተጽፏል።
ታኮዬን ጥዬ
መሪ የነካሁት እኔ ነኝ።

ነገርኳት። ጮክ ብዬ፣ ስሜን ጠርቼ።
ብዙ አየችኝ።
አላለቀሰችም፤ ይቅርም አላለችኝ።
«ነገ ሐይቅ እሄዳለሁ» አለች፣ «ልንገራቸው።»

በኔ ፒክአፕ ሄድን፤ መሪውን እሷ ይዛ።
ሐረጎ እንደ ድሮው ነው፤ ጉሙም እንደ ድሮው።
ፊታችን ካለው አይሱዙ የኋላ መብራት ሌላ
አገር የሚባል ነገር አልነበረም።
ዝም አልኩ። ሁለቴ «ፍሬን» ልል አፌን ከፈትኩ፣
ሁለቴ መልሼ ዋጥኩት።

አያ ይመር ተቆጣ፤ ልክ ነበር ቁጣው፣
የሦስት ሳምንት ዓሣ ዋጋው አልመጣው።
«ቀድመሽ ብትነግሪንስ፣ ሰው አይደለን እኛ?»
ጦይባ አልሸሸችም።
«መንገር ነበረብኝ» አለች፣ እዚያው ጭቃው ላይ።
ከኋላዋ ቆምኩ።
ቃል አልተነፈስኩም።

ከዚያ ሸጥን። ባትሪውን፣ ሶላሩን፣ ቆርቆሮውን።
አጥማጁን ከፈልን፣ ሠራተኛውን ከፈልን፣
ለኔ የተረፈኝ ያው የሻሿ ቁልፍ ነው።
ደሴ ያሉ ሸሪኮቼ «ብሩስ?» ይሉኛል፤
«ዳገት በላው» እላቸዋለሁ።
አንዳንዶቹ ይስቃሉ።
አንዱ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ባለፈው ማታ ደወለች።
ሌላ ሐሳብ አላት፤ ግማሹን ነገረችኝ፣
ግማሹን ገና ራሷም አላወቀችው።
«ጉም ነው» አለች። «ፊቴ አይታየኝም።»
«እኔም አይታየኝም» አልኳት፤ እውነቴን ነው።
ከባንኮኒው ሥር የጋሽ ሙሄ ዋንዛ አለ፣
አንድ ጎኑ ተልጦ፣ ጥቁር ዘይት ጠጥቶ።
በእግሬ ጫፍ ፈለግኩት።
አገኘሁት።
«ቀስ ብለሽ ንጂ።»