አሥር እጅ፣ አንድ እጅ

ኩህሞ ላይ ጥር ወር ነው፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤
ከመስኮት ሥር ያለው ሙቀት መለኪያ ላይ ቀዩ መስመር ወርዷል።
ታይስቶ ባሌ ግን፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣
ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ክንፍ ይሠራል እንጂ
ብርዱን ከቁም ነገር መች ቆጥሮት ያውቅና።
ሰባት ዓመት ሙሉ ሪቬት ሲመታ ሰማሁ፣
በጠጠታው መሀል መተኛት ለመድሁ።

ባለፈው መስከረም ታንኩን ሊያሽግ ገባ።
ማሸጊያው ሁለት ነው፤
አንዱ ቆርቆሮ ነጭ፣ እንደ እርጎ የወፈረ፣
አንዱ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፤
ለየብቻ ሲኖሩ እንዳሉ የሚያድሩ፣
ሲገናኙ ግን ሰዓት የሚቆጥሩ።
«ልኩስ?» አልሁት። «በዓይኔ!» አለ።
«አርባ ዓመት ባቡሬን በዓይኔ ነው ያቆምሁት፣
ከመድረኩ ምልክት አንድ ስንዝር መች አሳለፍሁት?»

ባቡርስ ይቆማል በዓይን ተገምቶ።
ዐሥራ አንድ ቀን ጠበቅን፤
ማስቲካ ሆኖ ቀረ፣ የነካውን ጣት ይዞ አልለቅ ብሎ።
ከዚያ በእንጨት ቢላ ፍቆ ፍቆ
ጥቅምትን ጨርሶ፣ ኅዳርን አጋምሶ፣
ከየማዕዘኑ፣ ከየሪቬቱ ራስ ሥር።
አንድ ማታ ለእራት ቢቀርብኝ ሄድሁ፤
ታንኩን ታቅፎ ተቀምጧል፣ መብራቱን አጥፍቶ።
ምንም አላልሁም።
መፋቂያ አንሥቼ ከጎኑ ቁጭ አልሁ።

እኔ ሂልካ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት
ለአራት መቶ ሕፃን ገንፎ የለካሁ በትምህርት ቤት፣
ሚዛኔን ከጓዳ አወጣሁ።
«አሥር እጅ ከነጩ፣ አንድ እጅ ከጥቁሩ፤
በስፍር አይደለም፣ በክብደት ነው ምሥጢሩ።»
ሃምሳ ግራም። አምስት ግራም።
ትንፋሼን ያዝሁ፤ ያ ሚዛን ትንፋሽም ይቆጥራል።

ከዚያ በአይስክሬም እንጨት ማማሰል።
መምታት የለም፣ እንቁላል አይደለም፤
አየር የገባበት ቀዳዳ ነዳጅ ማስወጣቱ አይቀርም።
የኩባያውን ግድግዳ ፍቆ፣ ታቹን ፍቆ፣
ወደ መሀል አጥፎ፣ ደግሞ አጥፎ፣
ነጩ ክር እስኪጠፋ፣ ጥቁሩ ክር እስኪጠፋ፣
የዝናብ ደመና መልክ እስኪወጣ።
ሽታው ግን! የከረመ እንቁላል፣ የነደደ ክብሪት።
እሑድ ከመዘምራን መሀል ስቆም
ጎኔ ያለችው አይኖ ሁለት ርምጃ ሸሸች፣
መዝሙሩን ሳታቋርጥ።

አሥር እጅ፣ አንድ እጅ እያልሁ
በልቤ የቤታችንን እቆጥራለሁ፤
ሁለቱ የእኔ፣ የእሱ ግራ፣
ካለፈው ክረምት ወዲህ የሚንቀጠቀጠው ቀኙ።
ይህን አንነጋገርም።
ባትሪውን ይዤ አበራለሁ፤
እሱ ቀኙን በግራው ደግፎ
በስፌቱ ላይ ቀስ እያለ ይቀባል፤
ሁለት ሰዓት ነው የተሰጠን፣ ከዚያ ወዲያ አይታዘዝም።

ጋራዡ ቀዘቀዘብን። እኔ ነኝ ያልሁት፣
«ሳውናው አለ አይደል?»
በሠላሳ ዲግሪ አሞቅሁት፤
ለእኛ አገር ሰው ሠላሳ ዲግሪ ስድብ ነው።
ቅዳሜ ፔንቲ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ፤
በሩን ቢከፍት፣ ታንካችን ከላይኛው መደብ ተንጋሏል።
«ይህ እንግዳ መች ነው የሚወጣው?»
«ሲጠነክር» አልሁት።
«ታዲያ እርጥበት ይወዳል?» «ይወዳል።»
ጭልፋውን አነሣና ድንጋዩ ላይ አንድ ጊዜ ውሃ ቸለሰ፣
ባርኔጣውን ነካ አድርጎለት ወጣ።

ታንኩ አይነካም፤ የሚጠየቀው ኩባያው ነው።
የተረፈውን ሰዓት ጽፌበት መስኮት ላይ አኖርሁ፤
በየጠዋቱ ጥፍሬን እጭንበታለሁ።
ሦስተኛው ቀን ጥፍሬ ጠለቀ። አራተኛው፣ ጥቂት።
በስድስተኛው ቀን ምልክት አልቀረም።

የልጅ ልጃችን ልደት የተረፈውን ቢጫ ፊኛ
ታንኩ አፍ ላይ አሰርን፤ ነፋን፤
ሪቬቶቹን ሁሉ ሳሙና ቀባን።
ማታ አልተኛንም፤ ተኝተናል ተባባልን እንጂ።

ሲነጋ ፊኛው እንዳለ ነው፣ እንደ ተወጠረ።
ታይስቶ ዞረው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።
ከዚያ የግራውን ታንክ ጎትቶ አመጣና
ሚዛኑን በሚንቀጠቀጠው እጁ
ወደ እኔ ገፋ አደረገው።