በሩን ወይስ መውደቁን

ከሥራ ገባሁኝ፣ ጓንቴ ላይ በረዶ፣
ታኔሊ አልበላም፣ የዓሣ ሾርባው በርዶ።
«እማ፣ አታናግሪኝ፤ ቁጥር ይዣለሁ» አለ፣
ዓይኑን ሳያነሣ፣ ጣቱ እዚያው እንዳለ።

ስክሪኑ ላይ ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣
ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ድልድይ የሚሻገር
አንድ ፖስተኛ ይሮጣል።
እንደ እኔ ፖስተኛ።
እንደ እኔ እንኳ አይደለም፤ አያልበውም፣ አያዳልጠውም፣
ውሻ አያባርረውም፣ ጉልበቱን አያመውም።

«ፍጥነቱን ላወጣ ነው» አለኝ።
በካያኒ ፀሐይ ከምሳ ጋር የምትጠልቅበት ወር ነው፤
ልጅ ሌላ ምን ይሥራ?

መጀመሪያ ሜትር ፈለገ። በዚያ አገር ሜትር የለም።
የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ፦ በር።
«በር ሁሉ ሁለት ሜትር ነው» ብሎ ተነሣ፣
የወጥ ቤታችንን በር ለካው፤
ሁለት ሜትር ከአንድ ጣት።
ጣቷን ተዋት።

ከዚያ በሐሳቡ በር በበር ላይ ቀጥሎ አጋደመ፤
ድልድዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አርባ ሰባት በር፣
ዘጠና አራት ሜትር።
ምስሉን እያቆመ ቆጠረ፣ በሴኮንድ ስልሳ ምስል፤
ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስተኛው ላይ ድልድዩ አለቀ።
አካፈለ፣ አባዛ፣ የእርሳሱን ጫፍ ነከሰ፣
«በሰዓት ዘጠና አራት ኪሎ ሜትር!»
ዘጠና አራት እንደገና።
አጋጣሚ ነው ይላል፤ እኔ ጠረጠርኩ።

የእኔ ብስክሌት፣ ቁልቁለት፣ ነፋስ ከኋላ፣ ባዶ ቦርሳ፦
ሃያ አምስት።

«ግን» አለ።
ልጄ «ግን» ካለ ሾርባው ሁለተኛ ይሞቃል።

ፖስተኛውን ከማማ ላይ ጣለው።
የማማው ቁመት ዘጠኝ በር፤ መሬት እስኪነካ አንድ ሴኮንድ።
«እማ፣ የእኛ አገር ድንጋይ እንዲህ አይቸኩልም።
በሩን ካመንን፣ የዚያ ዓለም መሬት
ከእኛው ሦስት እጥፍ ተኩል አልፎ ይስባል፤
ከጁፒተርም ይብሳል፤ ሰው ቆሞ መሄዱ ራሱ ተአምር ነው።
መውደቁን ካመንን ደግሞ ማማው አምስት ሜትር አይሞላም፣
በሩ ሃምሳ አራት ሳንቲም ነው፣
ፖስተኛው ከጉልበትሽ አይበልጥም፣
ፍጥነቱም...»
ደግሞ አካፈለ።
«ሃያ አምስት ነጥብ ስድስት።»

ዝም አልኩ። ሃያ አምስት የእኔ ቁጥር ነበረች።

በር አውቃለሁ እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ዝገቱን፣ ደወሉን፣ የሚያንቋርሩትን ሁሉ፤
መውደቅም አውቃለሁ፤ ያኔ በየካቲት
ክንዴ ተሰበረ፣
የሰው ደብዳቤ ሁሉ ነፋስ ላይ ተሳፈረ።
ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ቢለኝ
የትኛውን እንደማምን አላውቅም።

«በር ላይ ሲደርስ እንዴት ይቆማል?» አልኩት።
አየ። በአንድ ምስል። አሁን ይሮጣል፣ አሁን ቆሟል፤
መካከል የለም።
«በሩን ካመንን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የክብደቱ መቶ ስልሳ እጥፍ ይጫነዋል።
እማ፣ በየበሩ ይሞታል።»

«እኔ ፍሬን የምይዘው ከሦስት ቤት በፊት ነው።
አቶ ኡርሆ ደጃፍ ግን ሩብ ሰዓት እቆማለሁ፤
መነጽሩ ጠፍቶ፣ የመብራቱን ቢል ላነብለት።
መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፤ አልነግረውም።
እሱንም ጨምረህ አስላ።»

አስላ ስለው አሰላ፤ ቀልድ አይገባውም።
ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ሰባት ሰዓት ተኩል፦
«ሁለት ነጥብ አራት። ኤሊ ነሽ።»
ሾርባው ሦስተኛ እስኪሞቅ ሳቅን።

በደብተሩ እንዲህ ጽፎ ተኛ፦
ፖስተኛው ዘጠና አራት፣ በሩ ካልዋሸ።
እማ ሁለት ነጥብ አራት፣ ከነአቶ ኡርሆ።

መብራት ሳጠፋ የወጥ ቤቱን በር ቀና ብዬ አየሁት።
ሁለት ሜትር ከአንድ ጣት።
ያቺ ጣት ስሌቱ ውስጥ የለችም።